ከየትኛው መቶ?

በስፌት ቤታችን የተሰፋ ልብስ ሁሉ ከመታሸጉ በፊት በእኔ ካውያ ሥር ያልፋል። ስለዚህ ማን ምን እንደሰፋ፣ ማን የማንን ሥራ እንደጨረሰችላት ከእኔ አይሰወርም። ይህን የምለው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። እንዲያውም ባላውቀው ይሻለኝ ነበር፤ ያወቁትን እንዳላወቁ ሆኖ መዋጥ እንዴት እንደሚያንቅ እኔን ጠይቁኝ።

ሰፊዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛዋ ታላቅ እህቴ ናት፤ እጇ ስለሚፈጥን «መብረቅ» ይሏታል። ሁለተኛዋ «መነጽር» ናት፤ ዕድሜዋ ገፍቶ ዓይኗ የደከመ፣ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ከመርፌው ጋር የምትጣላ ሴት። ሦስተኛዋ በቅርቡ የወለደች ልጅ ናት፤ ወሯን ጨርሳ ሥራ ብትገባም «አራሷ» የሚለው ስም ተለጥፎባት ቀረ። በምሳ ሰዓት ልጇን ልታጠባ ወደ ቤቷ ትሮጣለች፤ ስትመለስ ልቧ እዚያው ቀርቶ እግሯ ብቻ ነው ፔዳሉ ላይ የሚቀመጠው።

ከእነሱ በላይ፣ የእንጨት ደረጃው ጫፍ ላይ ባለችው ባለመስታወት ክፍል ውስጥ ባለቤቱ ይቀመጣል። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንለዋለን፤ ዞር ሲል «ሜትሩ»። የልብስ ሜትር አንገቱ ላይ ሳያንጠለጥል ታይቶ አያውቅም፤ ሲለካበት ግን ያየው ሰው የለም። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ረግሜው እገላገል ነበር።

እሱ ዘንድ በጸሐፊነት የምትሠራው የእህቴ ልጅ ናት። በስፌት ያደገች፣ በስፌት የተማረች፣ በስፌት ተመርቃ ፎቶ የተነሳች ልጅ። እህቴ ጋሼን ደጅ ጠንታ ነው ያስቀጠረቻት። ሥራ የጀመረች ቀን ጠዋት በሩ ላይ አስቆመቻትና፣ «ከዚህ በር ወዲያ እናትሽ አይደለሁም። አደላችላት እንዳይሉን» አለቻት። ልጅቷም «እሺ፣ እትዬ መብረቅ!» ብላ እጅ ነሳቻት። ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን።

ስለ ክሩም መናገር አለብኝ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። እያንዳንዷ ሰፊ የጨረሰችው ልብስ ላይ በውስጥ ጠርዙ በኩል በራሷ ቀለም ክር አንዲት አጭር ምልክት ትሰፋለች። ልብሱ ተበላሽቶ ቢመለስ የማን እንደሆነ በክሩ ይታወቃል። ቀለሙ ግን ትልቅ ትዕዛዝ በመጣ ቁጥር በዕጣ ይቀየራል። ጋሼ የክር ጥቅሎቹን ከረጢት ውስጥ ይከትና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ሰፊዎቹ እጃቸውን እየከተቱ ያወጣሉ። «ማን ምን እንደደረሳት እኔም አልወቅ፣ ቢሮም አይወቅ። ፊት አይቼ እንዳልፈርድ» ይላል። ቀለሟን ለቢሮ የተናገረች ሰፊ ሥራዋን በገዛ ፈቃዷ እንደለቀቀች ይቆጠራል።

እህቴ ይህን ሕግ እንደ መሐላ ነበር የያዘችው። ልጇ እራት ላይ «እማዬ፣ አሁንስ ምን ደረሰሽ?» እያለች ብትነዘንዛት «ዝም አይነቅዝም» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። የደረሳት ሰማያዊ ነበር። መነጽር ቢጫ ደረሳት፤ አራሷ አረንጓዴ።

በዚያ ወቅት አንድ ትምህርት ቤት አንድ ሺህ አራት መቶ የተማሪ ዩኒፎርም አዘዘን፤ የተሰጠን ጊዜ ግን አጭር ነው። የአራሷ ልጅ ታመመ። የመነጽር ዓይን ማንባት ጀመረ። እህቴ የራሷን ስትጨርስ ወንበሯን እያዞረች የእነሱን የተቆረጠ ጨርቅ ወደ ራሷ ትጎትታለች። ማንም አላዘዛትም፤ ተጨማሪ የሚከፍላትም የለም። ሰፍታ ስትጨርስ ደግሞ በራሷ ሰማያዊ ክር ምልክት ታደርግበታለች።

«እትዬ፣ የእነሱን በእነሱ ክር አትጨርሺላቸውም? ነገ አንዱ ቢተረተር በአንቺ ላይ ነው የሚመጣው» አልኳት አንድ ቀን።

«እኔ የሰፋሁትን እሷ ናት የሰፋችው ልበል? ውሸት በክር አይሰፋም» አለችኝ።

እጇ አመድ አፋሽ መሆኑን ያኔም አውቅ ነበር። መተኮሴን ቀጠልኩ።

ሥራው በቀኑ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከትምህርት ቤቱ መቶ ልብስ ተመልሶ መጣ፤ ኪሱ የተገነጠለ፣ ብብቱ የተተረተረ፣ ቁልፉ የረገፈ። ርእሰ መምህሩ ስልክ ደውሎ ጥፋተኛዋ ካልተባረረች ለከርሞ ሌላ ቤት እንደሚያዝዝ ተናገረ። ጋሼ የስፌት መኪኖቹን አስቁሞ ደረጃው ላይ ቆመ።

«የተመለሰው ይቆጠራል። ብዙው የማን ክር ከሆነ እሷ ትሄዳለች። ፊት አላይም፣ አማላጅም አልሰማም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለ።

ቆጠራውን ለእህቴ ልጅ ሰጣት።

ልጅቷ ደስ ብሏት ነበር፤ የተማረችው ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈለገ። ጥሩ ሠንጠረዥ ሠራች። በረድፍ ሦስቱን ቀለሞች፣ በዓምድ የተመለሰ፣ ያልተመለሰ፣ ድምር። ድምሩን በየቀለሙ ከተያዘው የማሸጊያ መዝገብ ገለበጠች። ሁሉንም ቀጥ ባለ መስመር አሰመረችው። ከዚያ «የተመለሰ» የሚለውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች አነበበች፤ ሰማያዊ ስልሳ፣ አረንጓዴ ሃያ አራት፣ ቢጫ አሥራ ስድስት። የተመለሰው ልክ መቶ ስለነበር ስልሳውን ስልሳ ከመቶ ለማለት ማካፈል እንኳ አላስፈለጋትም። ያሳታት ይኸው ይመስለኛል፤ መልሱ ተዘጋጅቶ ስለጠበቃት ሌላ ነገር አልፈለገችም።

በማግሥቱ ጠዋት ደረጃው ላይ ከጋሼ ጎን ቆማ አነበበችልን። ዜና አንባቢ ነው የምትመስለው።

«ከተመለሱት ልብሶች ውስጥ ስልሳ ከመቶው የሰማያዊ ክር ነው። ሃያ አራት ከመቶው የአረንጓዴ፣ አሥራ ስድስት ከመቶው የቢጫ።»

«ሰማያዊ ማን ናት?» አለ ጋሼ።

ካውያዬን አንድ ኮሌታ ላይ እንዳስቀመጥኩ ረሳሁት፤ የተቃጠለ ጨርቅ ሲሸተኝ ነው ያነሳሁት። እህቴ ቀሚሷ ላይ የተለጠፈውን የክር ቁርጥራጭ አራገፈችና ተነሳች።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እማዬ?» አለች ልጅቷ ከላይ። ወረቀቱ እጇ ላይ ተጨማደደ።

መነጽር ዓይኗን ትጠርግ ጀመር። አራሷ መሬት መሬት ታያለች። ሁለቱም ያውቃሉ፤ «የእኔን ጨርቅ እኮ እሷ ናት ሰፍታ ያወጣችኝ» ማለት ለሁለቱም አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። አንዳቸውም አልተነፈሱም። አልፈርድባቸውም ማለት ይገባኝ ይሆናል። እፈርድባቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ የሁሉንም ነው የሰፋችው!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ እህቷ ነሽ» አለኝ፣ በትዕግሥት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ፤ «ምን ላድርግሽ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።»

እህቴ የጀመረችውን እጅጌ ቁጭ ብላ ጨረሰች፣ መኪናዋን ሸፈነች፣ ወጣች።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጅቷ የተጨማደደውን ወረቀት ይዛ መተኮሻዬ ጋ መጣች። ፊቷ አብጧል።

«አክስቴ፣ እማዬ ስንት ሰፋች?»

«ወረቀትሽ ላይ የለም እንዴ?»

«አለ!» አለችና ድምር የሚለውን ዓምድ በጣቷ መታችው። «ሰማያዊ አንድ ሺህ። አረንጓዴ ሁለት መቶ። ቢጫ ሁለት መቶ። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ጽፌው ግን አላየሁትም።»

ወረቀቱን መተኮሻው ላይ ዘረጋችውና በእጇ አስተካከለችው። «እኔ የጠየቅኩት ‹ከተመለሱት መቶ ልብሶች ሰማያዊው ስንቱ ነው?› ብዬ ነው። ወደ ታች ነው ያነበብኩት። ማንበብ የነበረብኝ ወደ ጎን ነው፤ ‹ሰማያዊ ከሰፋቻቸው መቶ ልብሶች ስንቱ ተመለሰ?› ብዬ።» እስክሪብቶ አውጥታ በየረድፉ ጫፍ ጻፈች። ሰማያዊ ስድስት ከመቶ። ቢጫ ስምንት ከመቶ። አረንጓዴ አሥራ ሁለት ከመቶ።

«ቅድም ስልሳ፣ አሁን ስድስት? የቱ ነው ውሸቱ?»

«ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አክስቴ። መቶው ነው የተለያየው።»

ቆሽቴ አረረ። «ሰሃን የማያጥብ ሰው ሰሃን አይሰብርም! ይሄን ለማወቅ ዲግሪ ያስፈልጋል?»

«ታዲያ ጠዋት ለምን አላልሽም?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጠዋት ስልሳ ስትል እኔም የታየኝ ስልሳ ብቻ ነበር። ጮህኩ እንጂ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። እኔም የተተኮሰ ሸሚዝ ክምር ታቅፌ ተከተልኳት፤ ቢሮው በር ላይ ስደርስ ጋሼ ወረቀቱን በጣቱ ወደ ጎን እየተከተለ ያነባል። ሲጨርስ ቀና አለ።

«ልክ ነው። ስሌቱ ልክ ነው።»

«እንግዲያው እናቴ…»

«ጠዋትም ልክ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ቁጥሩ ጠዋትም ልክ ነው፣ ጋሼ። አነባበቤ ነው የተሳሳተው። አይቸኩሉብኝ፣ ላስረዳዎት…»

«ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ሰማያዊዋ እናትሽ መሆኗን ያወቅሽው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከዛሬ ጠዋት» አለች።

«እህ። ሠራተኛውን ሰብስቤ ምን ልበል? ጸሐፊዋ እናቷን ስታይ ወረቀቱን አዞረችው ልበል?» አለ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ጣቱ ላይ ይጠቀልለው ጀመር። «ይሁን፤ ግፍ አልሠራም። ግን አንዷ ትሄዳለች ብያለሁ፤ ለርእሰ መምህሩም ቃሌን ሰጥቻለሁ። በአዲሱ አነባበብ የባሰችው የትኛዋ ናት?»

«አረንጓዴ» አለች፣ ሳታመነታ።

«አረንጓዴ ትሂዳ። ነገ ጠዋት አንቺው ታነቢዋለሽ።»

አረንጓዴ ማን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ። ሸሚዞቹን አስቀምጬ ወረድኩ። እህቴ ትትረፍልኝ እንጂ የሌላውን ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ቤት ስንደርስ እህቴ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ የልጇን ጉርድ ቀሚስ ጠርዝ ትጠልፋለች። ልጅቷ ጫማዋን ሳታወልቅ ሮጣ አቀፈቻት።

«እማዬ፣ ነገ ትመለሻለሽ!»

ሁሉንም ነገረቻት፤ ወደ ታቹን፣ ወደ ጎኑን፣ ሁለቱን መቶዎች። እህቴ መርፌዋን እንደያዘች እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ስድስት ከመቶ» አለች ቀስ ብላ። «ከሦስታችን ትንሹ የእኔ ነው?»

«ከሁላችሁም ትንሹ!»

ፈገግ አለች። ሰው ሥራውን ሲያመሰግኑለት የሚሰማውን ደስታ ያን ቀን ፊቷ ላይ አየሁት። ብዙም አልቆየም።

«ታዲያ ጋሼ ነገሩን ተወው ማለት ነው?»

«አይ፣ የምትሄደው አረንጓዴዋ ናት። አሥራ ሁለት ከመቶ ተመልሶባታል፤ የአንቺ እጥፍ።»

«አረንጓዴዋ ማን ናት?»

«እኔ ምን አውቄ? ቢሮ ማወቅ አይፈቀድለትማ!»

«ዛሬ እንኳ ለመጠየቅ አልፈለግሽም?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«አራሷ ናት» አለች እህቴ። «ልጁ ትኩሳት ይዞት በእንቅልፍ እጦት እየተንገዳገደች የሰፋችው ነው የተመለሰው። የቀረውን ልስፋልሽ ያልኳትም ለዚያ ነው።»

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ምን ላድርግ ታዲያ? አንዷ ትሂድ ያለው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁ! አንቺ እንድትባረሪ ነው የምትፈልጊው?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትዋሺኝ።»

«እሺ።»

«ጠዋት ‹ሰማያዊ ማን ናት?› ሲባል የተነሳችው አራሷ ብትሆን ኖሮ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ያን ወረቀት ደግመሽ ታይው ነበር?»

ልጅቷ ዕንባዋ መጣ።

«አላየውም ነበር።»

«ጎሽ፤ አልዋሸሽም» አለች እህቴ፣ እና ወደ ጥልፏ ተመለሰች።

እኔ ነኝ የፈነዳሁት። «እና ለእሷ ብለሽ ልትቀሪ ነው? እሷ ዛሬ ላንቺ አፏን ከፈተች?»

«አልከፈተችም።»

«ታዲያ?»

«የሚጠባ ልጅ አላት።»

«አንቺስ ልጅ የለሽም?»

እህቴ ቀና ብላ ልጇን አየቻት። «የእኔዋ ደርሳለች» አለች።

በማግሥቱ ከሁላችን ቀድማ ስፌት ቤት ሄደች፤ ለጋሼ ራሷ እንደምትለቅ፣ ሌላ የሚነበብ ነገር እንደማያስፈልግ ነግራው ወጣች። ስገባ ጋሼን ደረጃው ላይ አገኘሁት፤ እፎይታው ከፊቱ ያስታውቃል። መነጽር አለቀሰች። አራሷ ወደ እኔ መጥታ «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ በያት» አለችኝ። ራስሽ ሄደሽ በያት አልኳት። እስከ ዛሬ አልሄደችም።

እህቴ ሥራ መፈለግ ጀመረች። እንደ እሷ ያለች ሰፊ ቀን አትቆይም ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ስፌት ቤቶች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ወሬ ደግሞ ከእኛ ቤት ቀድሟት ይደርሳል። ወሬው መንገድ ላይ መቶውን ቀየረ። እኛ ዘንድ «ከተመለሰው መቶ ስልሳው የእሷ ነው» ተብሎ የወጣው፣ እዚያ ሲደርስ «ከምትሰፋው መቶ ስልሳው ይተረተራል» ሆነ። አንዱ ባለቤት በሩ ላይ አቁሟት «ስልሳ ከመቶዋ አንቺ ነሽ?» አላት። ማታ ይህን ስትነግረን ልትስቅ ሞከረች። ልጅቷ ወጥታ ጓሮ ቆመች፤ እኔም ተከትዬ አላጽናናኋትም።

አሁን እህቴ ቤት ትውላለች፤ የጎረቤት ቁልፍ ትተክላለች፣ የተቀደደ ትጠግናለች። የቤቱ ኪራይና ቀለብ በልጅቷና በእኔ ላይ ነው፣ ይበልጡን በልጅቷ። እሷም ከሥራ አትቀርም፤ ጋሼ የሚላትን ሁሉ እሺ ትላለች።

ትምህርት ቤቱ ለከርሞው ትዕዛዝ ከመፈረሙ በፊት ጥፋተኛዋ መባረሯ በጽሑፍ ይረጋገጥልኝ አለ። ጋሼ ደብዳቤውን እንድትጽፍ ለልጅቷ ሰጣት። ጽፋ ስትጨርስ መተኮሻዬ ጋ ይዛው መጣችና አስነበበችኝ። «ከተመለሱት ልብሶች ውስጥ ስልሳ ከመቶውን የሰፋችው ሠራተኛ ከሥራ የተሰናበተች መሆኑን እናረጋግጣለን» ይላል።

«አክስቴ፣ አልጽፍም ብል እኔንም ያባርረኛል» አለችኝ።

«ውሸት አለበት?» አልኳት።

«የለበትም። ቁጥሩ ልክ ነው» አለችና ማኅተሙን መታችበት።